ኪስ ውስጥ የተሰፋው ግጥም

ልብስ ሰፊዋ ባሏ ከሞተ በሦስተኛው ወር የሥራ ጃኬቱን ለወንድሟ ልታሳጥር ብላ ከቁም ሳጥኑ አወጣችው። ገበሩን ስትዳብስ እጇ ቀጥ አለ። የውስጠኛው ኪስ አፉ ተሰፍቷል፤ ያውም በወፍራም ነጭ ክር፣ አንዱ ስፌት ረጅም አንዱ አጭር ሆኖ። የባሏ እጅ ለመሆኑ ምስክር አላስፈለጋትም። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ አንዲት ቁልፍ ስትወልቅበት "እባክሽ" እያለ ይዞላት የሚመጣ ሰው፣ ለዚህ ኪስ ሲሆን መርፌ የት እንደሚቀመጥ አውቋል።

በመቀስ ጫፍ ፈታችው። አራት ቦታ የታጠፈ ወረቀት ወጣ። ጽሑፉ የእሱ ነው፤ አሥራ አራት መስመር ግጥም።

ስሞት ጥቁር ለብሰሽ ደጅ ላይ አትቀመጪ፣
ከወንዙ ማዶ ነኝ ብቻሽን ነይ ውጪ።
ባለ ሦስት ግንዱ ዛፍ ጥላው ያውቀኛልና፣
ከሥሩ አረፍ በይ ወደ እኔ ነይና።

እያለ ይቀጥላል። ባሏ የውሃ ቆጣሪ አንባቢ ነበር። ቤት ለቤት ዞሮ ቁጥር ከመመዝገብ በቀር ብዕር ሲያነሳ አይታው አታውቅም። ሣር ላይ እንቀመጥ ሲሉት እንኳ "ጉንዳን አለ" ብሎ የሚሸሽ ሰው ነው። ታዲያ ይህ ሁሉ ዛፍና ወንዝ ከየት መጣ? ደግሞስ ይህች "ነይ" የምትባለው ማን ናት?

ወረቀቱን ይዛ ከጓሮ ወዳለችው የባሏ እህት ክፍል ሄደች። እህቱ ግማሹን አንብባ መለሰችላት።

"ቅደጂው፣ እቴ። የሞተ ሰው ወረቀት ምን ይረባሻል?"

"ማን ናት ብለሽ አትጠይቂም?"

"እኔ ምን አውቄ" አለችና ልብስ ማጠፏን ቀጠለች። አንዱን ፎጣ ሦስት ጊዜ አጠፈችው።

የልብስ ሰፊዋ ሆድ በዚያው ሻከረ። ታውቃለች፤ ሁሉም ያውቃል፤ ሳላውቅ የቀረሁት እኔ ብቻ ነኝ አለች በልቧ። በማግስቱ ወደ ባሏ መሥሪያ ቤት ሄዳ የዕቃ ግምጃ ቤቱን ሠራተኛ ነገሩን ሳትነግረው ዙሪያ ጥምጥም ጠየቀችው።

"ወንዙ ማዶ ያለውን ሰፈር ለሌላ ሰው አልሰጥም ይል ነበር" አላት ሰውየው። "ሐሙስ ከሰዓት ይሄዳል። ያለው አሥራ አንድ ቤት ነው፤ እሱ ግን ሳይመሽ አይመለስም። እኛም 'ምን አግኝተህ ነው?' እያልን እንቀልድበት ነበር፣ እትዬ።"

እትዬ ቀልዱ አላሳቃትም።

ሐሙስ ዕለት ጥሩ ጫማዋን አደረገች። የምትሰድበውን ስድብ መንገዱን ሙሉ ስታዘጋጅ ሄዳ ድልድዩን ተሻገረች። ከውሃ ፓምፑ ቤት ጀርባ ከአንድ ሥር ሦስት ግንድ ያወጣ ዛፍ ቆሟል። ከሥሩ አግዳሚ ወንበር አለ። ቀይ ሻርፕ የለበሰች ሴት ጀርባዋን ሰጥታ ተቀምጣለች። ሻርፑን ስታይ ደሟ ፈላ።

ሴትየዋ የእግር ኮቴ ሰምታ፣ ሳትዞር "መጣህ?" አለች። "ሦስት ወር ሙሉ የት ጠፋህ?"

ልብስ ሰፊዋ ዞራ ከፊት ለፊቷ ቆመች። ሰባ ዓመት ያለፋቸው አሮጊት ናቸው። ዓይናቸው ላይ ነጭ ወጥቶበታል። ያዘጋጀችውን ስድብ ሁሉ ዋጠችው።

"እሱ አይደለሁም፣ እማማ። ሚስቱ ነኝ።" ቀጥላም "እሱ አርፏል" አለች። "ሥራ ላይ እንዳለ ልቡ ቆመ።"

አሮጊቷ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አደረጉ። "እኔ እቀድማለሁ ብለን ነበር" አሉ።

ከዚያ ነገሯት። ቆጣሪ ሊያነብ በመጣ ጊዜ የውሃ ደረሰኛቸውን እንዲያነብላቸው ለመኑት። ቀስ በቀስ ክንዳቸውን ይዞ እዚህ ያደርሳቸው ጀመር። ሩቅ አገር ላለች ልጃቸው ግጥሙን በቃል እየነገሩት ጻፈላቸው፤ ሲሞቱ ሊልክላት ቃል ገባ። ኪሱ ቀዳዳ ስለነበረ "እንዳይጠፋብህ" ቢሉት "እሰፋዋለሁ" አላቸው።

ልብስ ሰፊዋ ግን ቶሎ የምታምን አይደለችም። "እስቲ ይበሉት፣ እማማ" አለች ወረቀቱን ዘርግታ።

አሮጊቷ አንድ ቃል ሳይስቱ አሉት። አሥራ ሁለተኛው መስመር ላይ ሲደርሱ አቆሙ።

"ሁለት ይቀራል" አለች።

"አይቀርም። የእኔ ይኸው ነው።"

ጮክ ብላ አነበበችላቸው።

ዛፍ ማየት ለመድኩኝ ሰው ሳይሰማ ሳያይ፣
ቀን እቆጥራለሁ ይዤሽ መጥቼ ላሳይ።

"ይሄማ የራሱ ነው" አሉ አሮጊቷ። "'ሚስቴ ዛፍ ሥር ተቀምጬ እውላለሁ ብላት ትስቅብኛለች' ይለኝ ነበር። አንድ ሐሙስ 'ዛሬ አመጣታለሁ' ብሎ ሄዶ ብቻውን ተመለሰ።"

ያ ሐሙስ ትዝ አላት። "ከሰዓት እንውጣ" ሲላት የተማሪዎች ዩኒፎርም ተከምሮባት ነበር። ቀና ሳትል "ምን ነካህ?" ብላ ስቃበታለች። እሱም አብሯት ስቆ ወጣ። አሁን አሮጊቷ አጠገብ ተቀመጠችና፣ ባሏ ከሞተ ወዲህ እንዲያ አልቅሳ የማታውቀውን አለቀሰች።

ከቦርሳዋ የልኬት ደብተሯን አውጥታ አሥራ ሁለቱን መስመር በራሷ እጅ ገለበጠች፤ የልጅቷንም አድራሻ ጠይቃ ጻፈች። እሱ የገባላቸውን ቃልም እሷ ገባችላቸው። የባሏን ወረቀት ግን አልሰጠችም፤ አሮጊቷም አልጠየቋት።

ማታ ለባሏ እህት ሁሉንም ነገረቻት። እህቱ ፊቷን በእጇ ሸፈነች። "ከድልድዩ ማዶ ሴት በክንዱ ይዞ ሲሄድ ከሩቅ ሁለት ጊዜ አይቼዋለሁ" አለች። "ቀይ ሻርፕ ነበራት። ላንቺ ብዬ አፌን ያዝኩ፤ እሱን ግን እስኪሞት ድረስ ኮሶ ሆኜበት ነበር።"

አሮጊቷ በዓመቱ አረፉ። ልብስ ሰፊዋ ግጥሙን ለልጃቸው በአደራ ደብዳቤ ላከችው። ከሁለት ወር በኋላ ልጅቷ ሻንጣዋን እየጎተተች ሱቋ በር ላይ ቆመችና "ዛፉ የት ነው?" አለቻት። የሚሰፋ ልብስ ተከምሮ ነበር። ልብስ ሰፊዋ ሱቁን ቆልፋ ወሰደቻት።