የእማማ ወለተማርያም ሌላኛው ዓይን

ሠዓሊ ዮፍታሔ ዘርዓብሩክ ዐውደ ርእይ ሲቃረብ መቀመጥ የሚባል ነገር አያውቅም። ቆሞ ይበላል፣ ቆሞ ስልክ ያወራል፣ የታጠበ ብሩሽ መልሶ ያጥባል። ዘንድሮ ደግሞ ባሰበት። ነሐሴ ሊያልቅ አንድ ቀን ቀርቶታል፤ ዐውደ ርእዩ የሚከፈተው መስከረም ሦስት ነው። ጳጉሜን ጨምሮ ዘጠኝ ቀን እንደቀረው በጣቱ ቆጥሮ ያውቃል፤ ያም ሆኖ ምናልባት ጨምሮ እንደሆነ ብሎ በየሰዓቱ ይቆጥራል።

ቀጨኔ፣ ከአንድ ቁልቁለት አናት ላይ የተከራያት ስቱዲዮ ቆርቆሮ ጣሪያ ያላት ሰፋ ያለች ክፍል ናት። ዝናቡ ሲጀምር ሰው የገዛ ሐሳቡን እንኳ አይሰማባትም። አሥራ አንድ ሥዕሎች ግድግዳውን ተደግፈው በተርታ ቆመዋል። የዘይት ቀለም በክረምት ቶሎ እንደማይደርቅ ማንም ሠዓሊ ያውቃል። ዮፍታሔም ያውቃል። ነገር ግን አውቆ የተኛን ቢቀሰቅሱት አይሰማም እንደሚባለው፣ ሰኔን በማሰብና በመሰረዝ ጨርሶ ብሩሽ ያነሳው ሐምሌ ላይ ነው። አሁን ከጎረቤት የተዋሰው ቬንትሌተር ቀኑን ሙሉ ሥዕሎቹ ላይ ሲነፋ ይውላል፤ እሱም በየመካከሉ እየሄደ በትንሿ ጣቱ የሸራውን ጠርዝ ይነካል፤ ጣቱም ቀለም ይዞ ይመለሳል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይላሉ፤ ይህ ሰውዬ ግን ለመቸኮሉም ዘግይቷል።

ዕረፍት የነሳው ግን እርጥበቱ ብቻ አልነበረም። ከአሥራ አንዱ ትልቁ፣ «ሸክላ ሠሪዋ» ያለው ሥዕል ነው። ሴትየዋ ከወገብ በላይ በጎን ትታያለች። ነጠላዋ ከትከሻዋ ወርዷል፣ እጆቿ የገንቦ አፍ ላይ ናቸው፣ ግንባሯ፣ አፍንጫዋና አገጯ በአንድ ያልተቆረጠ መስመር ይወርዳሉ። ያየው ሁሉ አድንቆታል። የጋለሪው ባለቤት ሃና ገና ቀለሙ ሳይደርቅ በስልኳ አንስታ የዐውደ ርእዩን ፖስተር አሠራችበት። የሚሰቀለውም በሩ ሲከፈት መጀመሪያ በሚታየው ግድግዳ ላይ እንዲሆን ወሰነች። ዮፍታሔ ብቻውን ዐውደ ርእይ ካቀረበ ስምንት ዓመት ሆኖታል። ይህ ሥዕል ከተሳካ ሰው እንደገና ሠዓሊ ይለዋል፤ ካልተሳካ እንደ ስምንት ዓመቱ ሁሉ የሥዕል አስተማሪ ሆኖ ይቀራል። ታዲያ ይህን የሚያህል ሥራ ይዞ ለምን እንቅልፍ እንዳጣ ለራሱም አልገባው አለ። ጠዋት ከንፈሯን ይነካካል፣ ከሰዓት ጆሮዋን ፍቆ እንደገና ይሠራል፣ ሲመሽ ሁለቱንም ይጠላቸዋል። አንድ ነገር ጎድሏል፤ ምን እንደሆነ ግን አያውቅም።

በሥዕሉ ላይ ያሉት ሴት እማማ ወለተማርያም ይባላሉ። ከስቱዲዮው ሁለት ቅያስ ወረድ ብሎ ባለው ግቢያቸው ሸክላ ሲሠሩ ዕድሜያቸውን የፈጁ ሰው ናቸው። ግንቦት ላይ ልሣልዎት ብሎ ሲጠይቃቸው፣ እጃቸውን ከጭቃው ሳያወጡ፣ እኔን ሥለህ ምን ልትሆን ብለው ሳቁበትና ፈቀዱለት። አራት ሳምንት ሙሉ ግቢያቸው እየተመላለሰ በከሰል ንድፍ ሠራ፤ ሸራው ላይ በቀለም ያሳደገው ግን እዚሁ ስቱዲዮው ውስጥ ነው። እሳቸው ሥዕሉን አንድም ቀን አላዩትም። ማሳየት እንዳለበት ያስብ ነበር። ሲያልቅ አሳያቸዋለሁ፣ ሲደርቅ አሳያቸዋለሁ እያለ ክረምቱ አለቀ።

ፖስተሩ እሱን አልጠበቀም። ሃና በቴሌግራም በበተነችው በማግስቱ የእማማ ወለተማርያም የልጅ ልጅ ሳምሪ ስልኳ ላይ አየችው። ደስታዋን መቻል አቅቷት ሮጣ ሄዳ ለአያቷ አሳየች። አያትየው ስልኩን አቅርበውም አርቀውም አዩትና፣ ዋናውን ካላየሁ አሉ።

ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ጋብ ሲል በሳምሪ ክንድ ተደግፈው ዳገቱን ወጡ። ዮፍታሔ ደንግጦ ወንበር አቀረበ፣ ቀለም በሚያስለቅቅ አኳራጅ በተነከረ ጨርቅ እጁን ጠረገ፣ ወንበሩንም ደግሞ ጠረገ። እሳቸው አልተቀመጡም። ከበሩ ጀምረው ሥዕሎቹን አንድ በአንድ አዩ፣ ለእያንዳንዱም እጅህ ይባረክ አሉት። ትልቁ ዘንድ ሲደርሱ ምርቃቱ ቆመ።

«ሌላኛው ዓይኔ የት ሄደ?» አሉ።

ዮፍታሔ በጎን ስለሆኑ ነው፣ በወዲያ በኩል ነው ያለው አለ። ከዚያም ማብራራት ጀመረ። ከግቢያቸው በር ስለሚገባው ብርሃን ነገራቸው፣ የፊት አጥንት መስመር ከጎን ሲታይ እንዴት እንደሚያምር ነገራቸው፣ ሥዕል ትምህርት ቤት የተማረውንም ጨመረበት። ሰው ሲያፍር ወሬ ያበዛል። እማማ ወለተማርያም ሳያቋርጡ እስኪጨርስ አዳመጡት።

«አባትህ የቤተ ክርስቲያኑን ግድግዳ ሲሥሉ ቀለም የሚበጠብጡባቸውን ትንንሽ ሸክላዎች የሠራሁላቸው እኔ ነኝ» አሉ። «ሳቀብል ቆሜ አያቸው ነበር። ጻድቅ ጻድቁን ፊት ለፊት፣ በሁለት ዓይን ነው የሚሥሉት። በጎን፣ ባንድ ዓይን የሚሥሉት ማንን እንደሆነ ከእኔ ይልቅ አንተ ታውቃለህ።»

አልተቆጡም። ሥራህን እግዚአብሔር ያሳካልህ ብለው መርቀውት ወጡ። ሳምሪ ብቻ በሩ ላይ ዞር ብላ ሥዕሉን አየች፤ እሱን ግን አላየችውም።

ያውቃል እንጂ፣ እንዴት አያውቅም! ሰባት ዓመት ሲሆነው አባቱ አለቃ ዘርዓብሩክ የመጀመሪያውን ብሩሽ ሲያስይዙት ያስተማሩት ይህንኑ ነው። ይሁዳ ባንድ ዓይን ይሣላል። ሰይጣን ባንድ ዓይን ይሣላል። ጌታን የሚገርፉት ወታደሮች ባንድ ዓይን ይሣላሉ። ክፉ የሆነ ሰው የሚያየውን ሰው በሙሉ ዓይኑ ማየት አይገባውም ይሉት ነበር አባቱ። በኋላ ሥዕል ትምህርት ቤት ሲገባ ከጓደኞቹ ጋር በዚህ ሥርዓት ሳቀበት፤ ስቆበትም ረሳው።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ባልከፋ። ሴትየዋ ሸክላ ሠሪ ናቸው። በዚህ አገር ሸክላ ሠሪ ምን ሲባል እንደኖረ የማያውቅ የለም፤ ቡዳ ነው ይባላል፣ ዓይኑ ሰው ይበላል ይባላል። በገንቧቸው ውሃ እየጠጣ፣ በድስታቸው ወጥ እየሠራ፣ ልጁን ግን ከዓይናቸው የሚሸሽግ ስንት አለ። ዮፍታሔ ይህን ሁሉ የሚጸየፍ የተማረ ሰው ነው። ሥዕሉንም የሠራው እነዚህን ባለሙያዎች ለማክበር እንደሆነ በዐውደ ርእዩ መጽሔት መግቢያ ላይ በሚያምር አማርኛ ጽፏል። አሁን ያከበራቸው በይሁዳ ዓይን መሆኑ ሲገባው ወገቡን ያዘውና ለመጀመሪያ ጊዜ ቁጭ አለ። ወዲያው ደግሞ ተነሣ።

እግሩ አላርፍ ሲለው በካፊያ ወደ ቁስቋም ቤተ ክርስቲያን ሽቅብ ወጣ፤ ምን እንደሚፈልግ ሳያውቅ ግማሽ መንገድ ደርሶ ተመለሰ። ብሩሽ አንስቶ የሥዕሉን ፊት ትንሽ ወደ ተመልካቹ ላዙረው አለ። በጎን የወረደ አፍንጫ ለሁለተኛ ዓይን ቦታ አይለቅም፤ ይህንን ለማወቅ አንድ ሙሉ ቀን አጠፋ። ሌላ ሸራ ወጥሮ አዲስ ልጀምር ብሎ አሰበ፤ ቀለሙ ሳይደርቅ ዐውደ ርእዩ ይከፈታል።

ለሃና ደወለላት። መጀመሪያ ሳቀች፤ ዛሬ ይህንን የቤተ ክርስቲያን ደንብ የሚያውቅ ስንት ሰው አለ አለችው። አንድ ሰው እንዳለ ነገራት። እንደማይቀልድ ስትረዳ ድምፅዋ ተለወጠ፤ ፖስተሩ ከተማው ውስጥ ተለጥፏል፣ ጋዜጠኞች ተጠርተዋል፣ ሥዕሉ ካልመጣ ዋናው ግድግዳ ባዶ ሊሆን ነው፣ ሰው ቢስቅም የሚስቀው በእሱ ነው አለችው። እውነቷን ነው። ዮፍታሔ ስልኩን ይዞ ስቱዲዮውን አምስት ጊዜ ያህል ዞረው፤ ከዚያ ሥዕሉ አይመጣም፣ በቦታው ሌላ አመጣለሁ አላት። ሌላው ምን እንደሆነ ስትጠይቀው፣ ስደርስበት እነግርሻለሁ አላት። ስልኩን ከዘጋ በኋላ ግን ዓይኑ የከሰል ሣጥኑ ላይ አረፈ። ከሰል ማድረቂያ አይፈልግም።

በማግስቱ ትልቅ ወረቀትና ከሰል ይዞ ወደ እማማ ወለተማርያም ግቢ ወረደ። ዳሱ ሥር ተቀምጠው የአንድ ገንቦ አንገት በእርጥብ ጨርቅ ያለሰልሳሉ። ይቅርታ ጠየቃቸው፤ ሥዕሉ እንደማይሰቀልም ነገራቸው። ከዚያ ፊት ለፊት፣ በሁለት ዓይን እንዲሥላቸው እንዲፈቅዱለት ለመናቸው። እንደ ግንቦቱ አልሳቁም። በርጩማው ያውልህ አሉት።

በርጩማውን ሲያነሣ ምላሱ አላስቀምጥ አለው። ያኔ ያሳሳተው ብርሃኑ እንደሆነ፣ ሆን ብሎ እንዳላደረገው መናገር ጀመረ። እማማ ወለተማርያም ጨርቁን አስቀመጡ።

«ስማኝ ልጄ። ግንቦት ላይ ስትመጣ በርጩማውን ያስቀመጥኩልህ እዚህ፣ ፊት ለፊቴ ነበር። አንሥተህ ወደ ጎን የወሰድከው አንተ ነህ። በማግስቱም እዚሁ አስቀመጥኩልህ፤ ደግመህ ወሰድከው።»

«ብርሃኑ እኮ፣ እማማ...»

«ብርሃኑ በዚህ በኩል ነው የሚገባው» አሉና በጭቃ እጃቸው አሳዩት።

ዞሮ አየ። የግቢው በር በእሳቸው ትይዩ ነው። ብርሃኑ ገብቶ የሚያርፈው ግንባራቸውና ዓይናቸው ላይ ነው፤ በጎን በኩል የነበረው ጥላ ነው። ሦስት ወር ሙሉ ለሃናም፣ ለተማሪዎቹም፣ ለራሱም ስለ ብርሃን ሲያወራ ከርሟል። እውነቱ ሌላ ነው። ሕፃን ሳለ እናቱ በዚህ ሰፈር እጁን ይዛ ስታሳልፈው፣ ሸክላ ከሚሠሩት ጋር ዓይን ለዓይን እንዳትገጥም ትለው ነበር። ትምህርቱም፣ መጽሐፉም፣ ያ የሚያምር መግቢያም ይህችን ቃል ከውስጡ አላጠቡለትም። ፈርቶ ነበር። አርባ ሁለት ዓመት የሞላው ሰው፣ ውሃ ጨምረው ጭቃ ከሚያቦኩ አሮጊት ዓይን ሸሽቶ ነበር። እፍረቱ ጆሮውን አጋለው።

ያኔውኑ ለምን አልነገሩኝም አላቸው።

«ለምጄዋለሁ፤ ሆድ ይፍጀው ብዬ ተውኩት» አሉ። «ሌላው ሸሽቶ ይሄዳል። አንተ ግን የሸሸኸውን ሥለህ ግድግዳ ላይ ልትሰቅለው ነው።»

ዮፍታሔ በርጩማውን ፊት ለፊታቸው አድርጎ ተቀመጠ። ነጠላውን ጀመረ። ትከሻቸውን፣ እጆቻቸውን፣ የገንቦውን አፍ ሣለ። ግንባራቸውን፣ በጉንጫቸው ላይ የወረዱትን መስመሮች ሣለ። ከንፈራቸውን አሳመረ፤ እንደገናም ወደ ነጠላው ተመልሶ የማያስፈልግ እጥፋት ጨመረበት። በመጨረሻ ወረቀቱ ላይ ያልተነካ ነገር ከዓይን በቀር አልቀረም።

ቀና አለ። እማማ ወለተማርያም ሥራቸውን አቁመው በሁለት ዓይናቸው እያዩት ነበር። ከሰሉ በጣቶቹ መካከል ለሁለት ተሰብሮ ወደቀ።

«ፈራህ?» አሉት።

የለም ሊል አፉን ከፈተ። ዓይናቸው ግን እዚያው ነበር።

«አዎ፣ እማማ» አለ።

ፊታቸው ላይ ቁጣም ሐዘኔታም አልነበረም።

«እንግዲያው እየፈራህ ሣል» አሉት።

ዮፍታሔ የተሰበረውን ከሰል ከመሬት አነሣና ከቀኙ ዓይን ጀመረ።