የበረዶ ፈቃድ

«በረዶ! በረዶ አጥተን ነው?» እታለም መጋረጃውን በአንድ እጇ ሰብስባ ወደ ውጭ ጠቆመች። «ያውልህ! ከገና ጀምሮ ደጃፋችን ላይ ተቆልሏል። አካፋው ጋራዥ ውስጥ ነው። በረዶ ካማረህ ውጣና እሱን ዛቅ!»

ባሏ ምናሉ አልጋው ላይ የዘረጋውን ሻንጣ እየሞላ ነበር፦ ወፍራም ካልሲ፣ ጓንት፣ የፊት መሸፈኛ። ቀና ብሎ አላያትም።

«ያ በረዶ አይደለም፤ ጭቃ ነው» አለ።

«ሰማችሁልኝ? በረዶም ዘር አለው!»

«አዎ፣ አለው።»

«ዓለም ሁሉ ተሳፍሮ የሚመጣለት፣ አንተ ራስህ ከኤርፖርት እያመላለስክ ሰው የምታደርስለት የኮሎራዶ በረዶስ? እሱም ጭቃ ነው?»

«እሱ የሀብታም ነው። እዚያ ጣሊያን ሳምንቱን ሙሉ የምተኛበትና የምጫወትበት ገንዘብ እዚህ ለሁለት ቀን አይበቃኝም። ስንቴ ልንገርሽ?»

«ለሚሌኒየሙ አገር ቤት እንገባለን ተባብለን፣ ያለችህን ፈቃድ ጣሊያን አገር ልትፈጃት! ለዚያውም ለብቻህ! አባትህ እኮ…» አለችና ዋጠችው።

«አባቴ ምን? አባቴ ሂድ ብሎኛል!»

እታለም ፊቷን ወደ መስኮቱ መለሰች። መጋረጃውን አስተካክላ እንደ ጨረሰች እንደገና ታስተካክለው ጀመር። ልጃቸው አቢጊያ በሩን በእግሯ ገፋ አደረገችና «ካን ዩ ጋይስ ስቶፕ? ቲቪው አይሰማኝም» አለች። መልስ ሳትጠብቅ ዘግታው ሄደች።

«ነገ ጠዋት ሰው ይመጣል» አለች እታለም፣ አሁንም ወደ መስኮቱ እንደ ዞረች። «የሚሉህን ስማ። ከዚያ በኋላ የፈለግከውን አድርግ።»

«ሽማግሌ ጠራሽብኝ?»

ምናሉ የሻንጣውን ዚፕ በንዴት ሲስበው ከጫፉ በጠሰው።

ለነገሩ ይህ ጠብ አዲስ ነው። በታኅሣሥ የጉዞውን ነገር ሲነግራት ስቃ «እግርህን ሰብረህ ብትመጣ አላስታምምህም» ነበር ያለችው። ከጥምቀት ወዲህ ግን ሌላ ሴት ሆነች። ከሥራ ሲገባ በረዶ፣ ገበታ ላይ በረዶ፣ ሊተኙ ሲሉ በረዶ። ነገሩ እየዋለ እያደረ ይበርዳል ሲል ይብስ ግሎ ቁጭ አለ።

ምናሉ ከዴንቨር አውሮፕላን ማረፊያ ወደ ተራራዎቹ መንገደኛ የሚያመላልስ ቫን ይነዳል። ስምንተኛ ክረምቱ ነው። መጀመሪያ ላይ፣ ተመላሽ መንገደኛ እስኪያገኝ ድረስ ቫኑ ውስጥ ይተኛ ነበር። በኋላ ስኪ የሚባለውን የበረዶ መንሸራተቻ የሚያከራይ ሱቅ ውስጥ የሚሠራ ሰው አሮጌ ጫማና ስኪ አውሶት ሕፃናት ከሚማሩባት አነስተኛ ቁልቁለት ላይ አቆመው። ሠላሳ ስምንት ዓመቱ ነበር። ከአራት ዓመት ልጆች ጋር ወደቀ፤ ከነሱ ጋር ተነሣ። መውደቁ እየቀነሰ ሲሄድ አንድ ነገር ገባው፤ የዚህ ሁሉ ልፋት ጣዕሙ ሌሊት የወረደው፣ ማንም ያልረገጠው፣ እንደ ተነፋ ዱቄት ልሞ እስከ ጉልበት የሚውጠው በረዶ ነው። ፈረንጆቹ ፓውደር ይሉታል። ምናሉ ግን መንገደኞቹን አድርሶ፣ ሻንጣቸውን አውርዶ፣ ጫማውን እስኪያጠልቅ ያ በረዶ እንደ ገበያ ሜዳ ተረጋግጦ ያገኘዋል። ረጋጮቹን የሚያመጣው ደግሞ እሱ ራሱ ነው።

አንድ ቀን ያሳፈራቸው ጣሊያናዊ ሽማግሌ የተወለዱባትን መንደር አጫወቱት። ተንሸራታቹን ወደ ተራራው አናት የሚያወጣ ሁለት የማንሻ ወንበር መስመር፣ አንድ ቤተ ክርስቲያን፣ አንድ ጎዳና። ሀብታም አይመጣባትም፤ ሆቴሏም የእህታቸው ልጅ ቤት ናት። «በረዶ ከጣለ በአራተኛው ቀንም ያልተነካ ታገኛለህ» አሉት። ምናሉ ይህን ከሰማ ጀምሮ ሌላ አላማረውም።

ሐሳቡን ከልቡ የወደደለት አንድ ሰው ቢኖር አባቱ ናቸው። አቶ ተክለሚካኤል ደብረ ብርሃን ብርድ ልብስ ፋብሪካ ሠርተው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። በስልክ ሲነግራቸው እስኪያስላቸው ሳቁ። «ዕድሜዬን ሙሉ ብርድ ልብስ ስሠራ ኖሬ ልጄ ብርድ ፍለጋ ባሕር ይሻገር! እኛ አመዳይ ስንሸሽ አንተ ትከፍልበታለህ?» አሉት። ከዚያ ሳቃቸውን ገቱና «ሂድ። ከላይ ሆነህ ደውልልኝ። እስኪ ነፋሱን ልስማው» አሉ።

ሰሞኑን ግን በስልክ አላገኛቸውም። ስልኩን የምታነሣው እህቱ ከበቡሽ ናት። «አሁን ተኙ»፣ «አሁን ቤተ ክርስቲያን ሄዱ» ትለዋለች።

ቅዳሜ ማለዳ በሩ ሲንኳኳ ምናሉ ልብሱን ለብሶ ተቀምጦ ነበር። አውሮፕላኑ ከሰዓት በኋላ ነው። እታለም ከፈተች። በሚኖሩባት በአውሮራ ከተማ ሽምግልና ሲነሣ ስማቸው የሚቀድመው ጋሽ ሀይለማርያም ገቡ፤ ተከትለዋቸው ጋሽ ኪዳኔ፣ የእታለም ወንድም ብርሃነመስቀል፣ ጎረቤታቸው እትዬ ትርፌ። ሁሉም በወፍራም ካፖርት ተጀቡነዋል። ጫማቸው ላይ የተጋገረውን በረዶ ደፉ ላይ አራገፉና ሳይቀመጡ ቆሙ።

ምናሉ አፋቸውን እስኪከፍቱ አልጠበቀም።

«ጋሼ፣ እርስዎን አከብራለሁ። ግን ሚስቴ ስላሳበቀች የሰው ቤት በዚህ ሰዓት ይንኳኳል? ሰው ገደልኩ? ቤቴን በተንኩ? ስምንት ዓመት ሙሉ ሌላውን ለመዝናኛ አደረስኩ፤ አንድ ሳምንት ለራሴ ብል አገር ይነሣብኛል?»

«ምናሉ…» አሉ ጋሽ ሀይለማርያም።

«ይስሙኝ! ሀበሻ በረዶ አይወድም የሚል መጽሐፍ አለ? ወይስ ሰው ምን ይለናል ነው? ብርሃነመስቀል፣ አንተ ላስ ቬጋስ ስትመላለስ ማን ሽማግሌ ላከብህ?»

«እረ በእመቤቴ፣ ቀስ በል» አለ ብርሃነመስቀል መሬት መሬት እያየ።

«አልልም! አባቴ ፈቅዶልኛል። ከአባቴ የሚበልጥ ሽማግሌ ካለ ይምጣ! ስልኩ ይኸውና፣ ደውሉና ጠይቁት!»

ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ወረወረው። እየተሽከረከረ ሄዶ ጋሽ ኪዳኔ ፊት ቆመ። ማንም አላነሣውም።

እትዬ ትርፌ የካፖርቷን ቁልፍ ከላይ ጀምራ ፈታች። ከሥር ነጠላዋን ዘቅዝቃ ለብሳለች። ምናሉ ነጠላውን አየ፤ እታለምን አየ፤ ተመልሶ ነጠላውን አየ።

«ልጄ፣ እኛ ስለ በረዶ አልመጣንም» አሉ ጋሽ ሀይለማርያም። «አባትህ ዐርፈዋል። እግዚአብሔር ያጽናህ።»

እትዬ ትርፌ ጮኸች። እታለም ስትጠብቀው እንደ ኖረች ሁሉ ተከትላ ጮኸች። ብርሃነመስቀል ምናሉ እንዳይወድቅ በወገቡ ያዘው፤ ምናሉ ግን የሚወድቅ አይመስልም ነበር።

«መቼ?» አለ።

«ተቀመጥ እስኪ።»

«መቼ ነው ያልኩት!»

«በጥምቀት ማግስት።»

«ሁለት ሳምንት?» ድምፁ ቀጠነ። «ተቀብሯል?»

«በክብር ተቀብረዋል። አገሩ ሁሉ ወጥቶ።»

«ከእኔ በቀር።»

ጋሽ ኪዳኔ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «አየህ፣ አንተ በዚያ የበረዶ መንገድ ገደል ለገደል የምትነዳ ሰው ነህ። መርዶ እንዲህ ላለ ሰው በሥራ ቀን አይነገርም። ሌክውድ ያለው ልጅ የእናቱን ሞት በስልክ ሰምቶ መኪናውን ከምሰሶ ጋር ያጋጨው ረሳኸው? እና ፈቃድህ እስኪገባ ጠበቅን። ለአንተው ብለን ነው።»

«ፈቃዴ እስኪገባ» አለ ምናሉ። እንደገና አለው፤ «ፈቃዴ እስኪገባ።» ይሄን ፈቃድ ከአለቃው ጋር ተጨቃጭቆ፣ የገናን ዕለት ሠርቶ ነበር ያገኘው። እነሱ ደግሞ ለለቅሶው ቀጠሩት።

እታለምን ክንዷን ይዞ ወደ ማድ ቤት ወሰዳት።

«አብረሽኝ እየተኛሽ?»

«ምን ላድርግ? ያለ ሽማግሌ ልንገርህ? ‘ታዲያ የሚስት ወጉ ይሄ ነው?’ አይሉኝም?»

«ከበቡሽስ? ‘ተኙ’ ስትለኝ!»

«እኔ ነኝ እንደዚያ በይው ያልኳት።» እንባዋን በነጠላዋ ጠረገች። «በየቀኑ ስታፏጭና ሻንጣ ስታሰናዳ ሳይ ሆዴ ይቃጠላል። በገዛ እጅህ ብትተወው ይሻላል አልኩ። ካልተጣላሁህ በምን ላስቀርህ? ‘አባቱ ሞቶ በረዶ ላይ ሲጫወት’ ተብሎ እንዲወራብህ ልተው?»

«አባቴ ሂድ እንዳለኝ እያወቅሽ!»

«አሁን ሞቱ እኮ፣ ምናሉ!»

ሊመታት አይደለም፣ ግን እጁ ተነሣ። የሳህን መደርደሪያውን በር በጥፊ መታና ወጣ።

ረፋድ ላይ ቤቱ ሞላ። ከሎውሪ ሠፈርም ከሃቫና ስትሪት ሱቆችም ሰው መጣ። ሴቶቹ ማድ ቤቱን ያዙት፤ ወንዶቹ ሳሎኑ ውስጥ ዙሪያውን ተደረደሩ። ወሬው መጀመሪያ ስለ ሟቹ ነበር፤ ከዚያ ስለ መንገዱ መንሸራተት፣ ከዚያ ስለ ሚሌኒየሙ የአውሮፕላን ቲኬት ሆነ። ምናሉ መሐል ተቀምጧል። የገባ ሁሉ ትከሻውን ያቅፈዋል።

«አልቅስ፣ ይውጣልህ» ይሉታል።

አልወጣለትም። የሚያስበው አንድ ነገር ነበር፤ በጥምቀት ማግስት ቫኑን እየነዳ፣ አባቱ በተቀበሩበት ቀን፣ ከኋላው ለተቀመጡ ተማሪዎች ቀልድ ይነግር ነበር። ያችን ቀን ወስደውበታል። ማን እንደ ወሰዳት አንድ በአንድ ያያቸዋል፤ ሁሉም በፍቅር ያዩታል።

ብርሃነመስቀል ጎኑ መጥቶ ዝቅ አለ። «የቲኬቱን ኮንፈርሜሽን ቁጥር ስጠኝ፣ እኔ ካንስል አደርግልሃለሁ። በለቅሶ ምክንያት ስንላቸው ይቅር ይሉናል።»

«ቆይ» አለ ምናሉ።

«ለአርባው ተዝካር ደግሞ ትደርሳለህ።»

«ቆይ አልኩህ።»

ተነሥቶ ወደ መኝታ ቤት ሄደ። አልጋው ላይ የለቀስተኞቹ ካፖርት እስከ ወገብ ተከምሯል፤ ሻንጣው ከሥር ነው። ካፖርቶቹን እንዳይወድቁ በአንድ እጁ ደግፎ ሻንጣውን ጎትቶ አወጣው። ፓስፖርቱን ኪሱ ውስጥ ዳሰሰ። በማድ ቤቱ ሲያልፍ እትዬ ትርፌ ሽንኩርት እየላጠች ነበር። በለቅሶ ቤት ዕቃ ተሸክሞ የሚያልፍን ሰው ወዴት የሚለው የለም፤ ሴቶቹ ጠጋ ጠጋ ብለው መንገድ ሰጡት። እታለም ጀርባዋን ሰጥታ ማሰሮ ታማስላለች።

ጋራዡ ውስጥ ስኪው ከአካፋው ጎን ተደግፎ ቆሟል። አካፋውን ትቶ ስኪውን አነሣ፣ ከሻንጣው ጋር ከመኪናው ኋላ ጫነው። ሞተሩ ወዲያው ተነሣ። ከሳሎኑ መስኮት የሰዎች ጭንቅላት ይታያል፤ አንዱ ሲያወራ ሌሎቹ ይነቀንቃሉ።

መንገዱ ግራና ቀኝ በመኪና ተይዞ፣ በረዶው ደግሞ ዳር ዳሩን ተቆልሎ ስለነበር ቀስ እያለ ወደ ኋላ ወጣ። ከቤተ ክርስቲያን የሚታጠፉ ወንበሮች የጫነ ፒካፕ ከማዶ ሲመጣ ቆሞ አሳለፈው። ሹፌሩ ሀብቱ እጁን አነሣለት፤ እሱም አነሣ። ከዚያ ወደ ኤርፖርቱ በሚወስደው መንገድ ታጠፈ።

ሀብቱ ምናሉ በለቀቀው ቦታ ላይ ፒካፑን ፓርክ አደረገና የኋላውን ክዳን ከፈተ።

«ኑ አውርዱ፣ ወንበር መጥቷል!» ብሎ ወደ ቤት ተጣራ።