ወደ ግራ
እናቴ ስትሞት ሊያ ለቅሶ አልደረሰችም። አብሮ አደጌ ናት፤ እናቴ እንደ ልጇ አጉርሳ ያሳደገቻት! እሷ ከምትኖርበት ዋጃ እኛ ቆቦ ድረስ ምን ያህል ይርቃል?

ዘንድሮ ቆቦ ገባችና ቅዳሴ ላይ ከእኔ በስተግራ መቆም ጀመረች። ዲያቆኑ «እርስ በርሳችሁ ሰላም ተባባሉ» ብሎ ሲያውጅ ምእመኑ ሁሉ ወደ ቀኝም ወደ ግራም ዞሮ እጅ ይነሳል። እኔ ወደ ቀኝ ብቻ እዞራለሁ። ጀርባዬን ትይ!

ባለፈው እሑድ ግን አባታችን ሆይ ስንል፣ «እኛም የበደሉንን ይቅር እንደምንል» የሚለው ላይ አፌ ተያዘ። ሰውስ ይዋሻል፤ እግዚአብሔርን በየሳምንቱ ልዋሸው? በራሴ ተናድጄ ቤቴ ገባሁ።

ዛሬ ነጠላዬን አጣፍቼ፣ ሆን ብዬ አጠገቧ ቆምኩ። አልሸሽም አልኩ። ዲያቆኑ ሲያውጅ ወደ ግራ ዞሬ ጎንበስ አልኩ። እሷ ለካ ሁልጊዜም ለጀርባዬ እጅ ትነሳ ኖሯል፤ ግንባር ለግንባር ተጋጨን።

«ወይኔ፣ አመመሽ?» አለችኝ በሹክሹክታ።

«አዎ፤ ከእናቴ ለቅሶ ጀምሮ።»

እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። «ይቅር በይኝ፣ ትርሓስዬ።»

ለምን ቀረሽ ልላት ነበር፤ ተውኩት።

«ይቅር ብዬ ነው የዞርኩት» አልኳት።