የካፒቴን ኤሊስ ጭልፋ

በባሕር ዳሯ መንደራችን በፖርት ሂርዌን ሰው ከሞተ በኋላ ማዕረጉ ያድጋል። ዕድሜ ልኩን የመርከብ ገመድ ሲጎትት የኖረ ሰው በሞተ በሃምሳ ዓመቱ ምክትል አዛዥ ይሆናል፤ መቶ ሲሞላው ካፒቴን ነው። የመቃብር ቦታችንን ዞሮ ያየ እንግዳ «እዚህ መንደር ሸራ የሚሰቅለው ማን ነበር?» ብሎ ቢጠይቅ አይፈረድበትም።

የአክስቴ የዲሊስ ቅድመ አያት ኤሊስ ኦወን ግን ማዕረጉን ከሞት አላገኘም። የሾምኩት እኔ ነኝ።

የዩኒቨርሲቲ አንደኛ ዓመት ተማሪ ነበርኩ። ታሪክ ማጥናት ከጀመርኩ ስድስት ሳምንት ሆኖኝ ስለነበር የማላውቀው ነገር አልነበረም። የዘር ሐረግ በሚመዘገብበት ድረ ገጽ ላይ የቤተሰባችንን ሳሰፍር፣ በመርከብ አዛዦች ዝርዝር ውስጥ «ኤሊስ ኦወን፣ ፖርት ሂርዌን» የሚል አገኘሁ። ስሙ የእኛ፣ መንደሩ የእኛ፣ ዕድሜውም ቢለይ በአንድ ዓመት። በእኛ አገር ስም በቁጠባ እንደሚታደል፣ ያኔ ድንጋይ ቢወረወር ወይ ኤሊስን ወይ ኦወንን እንደሚመታ እያወቅሁ፣ ጠቅ አድርጌ ከሐረጋችን ላይ ሰቀልኩት።

አክስቴ በደስታ አለቀሰች። ቤቷ ከጥንት ጀምሮ በሩቅ ባሕር ማዶ ወደብ ስም «ቫልፓራይሶ» ይባላል። ከሳሎኗ ምድጃ በላይ ደግሞ የሰውየው ብቸኛ ቅርስ ተሰቅሏል፦ ክንድ የሚያህል የብረት ጭልፋ።

«ካፒቴን ጭልፋ ምን ያደርግለታል?» ለሚል መልስ አላት። «ትሑት ነበር። ሠራተኞቹን በገዛ እጁ ነው የሚመግባቸው።»

«ኮምፓሱስ? መነጽሩስ?»

«ሰጠመ።»

ጭልፋው ዋኝቶ ወጣ ማለት ነው።

ይህ ከሆነ አሥራ ሦስት ዓመት አለፈ። ባለፈው ጸደይ ማክሰኞ ማክሰኞ በጸሎት ቤቱ አዳራሽ የሚሰበሰበው የታሪክ ማኅበራችን፣ በአክስቴ ቤት ግድግዳ ላይ ለካፒቴኑ መታሰቢያ ሊያቆም ወሰነ። ሊቀመንበሩ ኢድዋል ፓሪ ዕድሜውን በመቃብር ድንጋይ ላይ ፊደል ሲቀርጽ የኖረ ሰው ነው፤ ስለዚህ ስሕተት አይወድም። ሕጉ አንድ ነው፦ «ሦስት ምስክር ካልቆመ ሙት አይነሳም።» ለካፒቴን ኤሊስ ሦስቱም ቆሙ። አንድ የኦሃዮ የጥርስ ሐኪም ያዘጋጀው የዘር ሐረግ፣ አንዲት የሜልበርን ሴት ያጠናቀረችው፣ እና ሊቨርፑል የታተመ ቡክሌት። ኢድዋል ጥቁሩን ድንጋይ ቀረጸ። ምረቃው ለቅዳሜ ተቀጠረ። አክስቴ ባርኔጣ ገዛች፤ ሠላሳ ሰው ጠራች።

ከዚያ ኢድዋል፣ «በፍሬም አስገብተን የምናሳየው አንድ ዋና ሰነድ ብናገኝ» አለኝ። ቤተ መዛግብቱን የካፒቴኑን መርከብ የሠራተኞች መዝገብ ጠየቅሁ። ሐሙስ ጠዋት በኢሜይል ደረሰኝ። የ1871 ጉዞ፣ ከሊቨርፑል ማዕበል የማይለየውን የኬፕ ሆርን ጫፍ ዞሮ እስከ ቫልፓራይሶ።

በመጀመሪያው መስመር፦ ኤሊስ ኦወን፣ አዛዥ፣ ሠላሳ አራት ዓመት፣ ያላገባ። ከነፊርማው፣ ፊርማው ራሱ ሸራ እንደ ዘረጋ መርከብ።

በዘጠነኛው መስመር፦ ኤሊስ ኦወን፣ ወጥ ቤት፣ ሠላሳ ሦስት ዓመት፣ የካትሪን ባል። በፊርማ ፈንታ የመስቀል ምልክት።

የአክስቴ ቅድመ አያት ሚስት ካትሪን ትባላለች። ስሟ በቤተሰቡ መጽሐፍ ቅዱስ የመጀመሪያ ገጽ ላይ አለ። ጭልፋውንም ማንም አይስተውም።

ወደ ሦስቱ ምስክሮች ሮጥኩ። ሦስቱም ካፒቴኑ የተወለደበትን ቀን ጽፈዋል፦ ፌብሩዋሪ 30። ፌብሩዋሪ ደግሞ ዓለም ከተፈጠረ ከሃያ ዘጠኝ አልፎ አያውቅም። ቀኑ የእኔ ነበር፤ በአሥራ ዘጠኝ ዓመቴ በችኮላ የመታሁት። የጥርስ ሐኪሙ ከእኔ ገለበጠ፣ ሜልበርን ከጥርስ ሐኪሙ፣ ሊቨርፑል ከሜልበርን። እኔም በተራዬ ሦስቱን አይቼ «ይኸው ተረጋገጠ» ብዬ ነበር። በድረ ገጹ ላይ ሐረጉን ከእሱ የመዘዘውን ስቆጥር፣ አርባ ሦስት ሰው ካላገባ ካፒቴን ተወልዷል።

ቫልፓራይሶ ቤቷ ስደርስ አክስቴ ባርኔጣዋን አድርጋ ዘቢብ ያለበት ዳቦ ትቆርጣለች።

«ምነው ፊትሽ? ሰው ሞተ?»

«የሞተው ቆይቷል። ማዕረጉ ነው አሁን የሞተው።»

ወረቀቱን ሰጠኋት። መነጽሯን አድርጋ ሁለቱን መስመሮች በጣቷ ተከተለች፤ ከላይ ወደ ታች፣ ከታች ወደ ላይ። ባርኔጣዋን አወለቀች። ያን ጊዜ ነው የፈራሁት።

«እኔ ለሠላሳ ሰው ተናግሬያለሁ» አለች።

«አውቃለሁ አክስቴ።»

«በጸሎት ቤት አሥራ ሦስት ዓመት ሙሉ ፊት ወንበር ላይ ተቀምጫለሁ። የካፒቴን ዘር ነኝ ብዬ!»

«ጥፋቱ የኔ ነው። ለአቶ ኢድዋል ነግሬ ምረቃውን አሰርዛለሁ።»

ጭልፋውን ቀና ብላ አየችው።

«ምግቡ ይጣፍጥ ነበር?»

«እ?»

«ኤሊስ ነዋ! ሞያ ነበረው?»

«አክስቴ፣ ሰውየው ከሞተ መቶ ዓመት አለፈው። እኔ በምን አውቃለሁ?»

«ለዚህ አይደል ዩኒቨርሲቲ የላክንሽ? ካፒቴን ስታደርጊው ማንንም አልጠየቅሽ። ሂጂና እወቂ። ክፉ ወጥ ቤት ከሆነ ምረቃው ይሰረዝ። ጥሩ ከሆነ ግን... ሂጂ አልኩሽ!»

ለአርባ ሦስቱም ጻፍኩ። «የጋራ ካፒቴናችን ወጥ ቤት ነው፤ ጥፋቱ የኔ ነው፤ የቀሩትን ጉዞዎች መዝገብ በመፈለግ እርዱኝ።» አንዱ ሰደበኝ፣ ሁለቱ ከገጼ ወጡ፣ የቀሩት ጉዞዎቹን ተከፋፈሉ። ሜልበርን ሲተኛ ኦሃዮ ይነሳል። ዓርብ ምሳ ሰዓት የአሥራ አንዱ ጉዞ መዝገብ በእጄ ነበር።

በእነዚያ መዝገቦች ከስም ጎን «ከዳ» የሚል ቃል ይጻፋል፤ ወደብ ሲደረስ መርከቡን ጥሎ የጠፋ ማለት ነው። በዚያ ዘመን ቫልፓራይሶ የገባ መርከብ ግማሽ ሰዉን ይዞ ከወጣ ዕድለኛ ነው። በኤሊስ መርከብ በአሥር ጉዞ የከዱት ሁለት ናቸው። በ1876 ግን ወጥ ቤቱ ኤሊስ ታሞ ቀረና ሌላ ወጥ ቤት ተቀጠረ። ካፒቴኑ ያው፣ መርከቧ ያቺው፣ መንገዱ ያው። ዘጠኝ ሰው ከዳ።

ከአክስቴ ጋር ወደ ኢድዋል ድንጋይ መቅረጫ ቤት ሄድን። ድንጋዩ ተጠርጎ ጠረጴዛው ላይ ያበራል፦ «ካፒቴን ኤሊስ ኦወን»። ሁሉን ነገርኩት። ፌብሩዋሪ 30 ላይ ስደርስ መነጽሩን አወለቀ።

«ሦስቱን ምስክሮች ማን አጣራ?»

«እርስዎ።»

«እንደ ፈራሁት ነው» አለ። ከዚያ ቁጣው መጣ። «አንቺ ልጅ! ድንጋይ ኮምፒውተር መስሎሻል? አይሰረዝም እኮ!»

«ገልብጠዋ» አለች አክስቴ።

«ምን?»

«ጀርባው ባዶ ነው። ገልብጠህ ጻፍበት።»

«ዲሊስ፣ ለነገ?»

«ስንት ሰው በአንድ ቀን ስትቀብር ኖረህ የለም እንዴ? ደግሞ አንድ ቃል ያንሳል። ማዕረግ የለውም።»

ኢድዋል እጁን አጣጠፈ። ሰውየው ይሞታል እንጂ ሕጉን አይጥልም። «ሦስት ምስክር።»

«የ1871 መዝገብ፣ አንድ» አልኩ። «ዘጠኙ ከጂዎች፣ ሁለት።»

«ሦስተኛው?»

አክስቴ የገበያ ቦርሳዋን ከፍታ ጭልፋውን ጠረጴዛው ላይ አሳረፈችው። ቤቱ እንደ ደወል ጮኸ።

ኢድዋል አገላብጦ አየው። ጫፉ በግራ በኩል ተበልቷል፤ ዓመታት ሙሉ የድስት ግድግዳ የፋቀው። በሥራ ይህን ያህል ያለቀ ጭልፋ ካፒቴን አይኖረውም። መዶሻውን አነሳ።

«ግራኝ ነበር» አለ ብቻ።

ቅዳሜ ጨርቁ ሲገለጥ ሠላሳው ሰው አነበበ። «ኤሊስ ኦወን፣ ወጥ ቤት። ኬፕ ሆርንን ሲዞር ያበላቸው አልከዱትም።» ካፒቴኑ ከጀርባ ሆኖ ግድግዳውን ያያል።

የጸሎት ቤቱ ኦርጋን መቺ ማንሳቷ አልቀረም፤ «ካፒቴን አልነበረም እንዴ ዲሊስ?»

አክስቴ ባርኔጣዋን አስተካከለች። «ካፒቴንማ በየቤቱ አለ፤ መቃብር ቦታው ግቢና ቁጠሪ። ወጥ ቤት ያለኝ እኔ ብቻ ነኝ። ሳህንሽን አምጪ።»

የታዘዘውን ትንንሽ ሳንድዊች አስቀርታ፣ የበግና የድንች ሾርባ በትልቅ ድስት ሠርታ ነበር። በቅድመ አያቷ ጭልፋ ለእያንዳንዱ ቀዳች፤ በግራ እጇ። ዝናብ ጀመረ። በሩ አጠገብ ቆሜ ቆጠርኩ። እስኪመሽ ከሠላሳው አንድም አልከዳም።