አራተኛዋ ሎሚ

ዳታራም ቅናቱ እንዳያንቀው ብሎ ሳቀ። ታናሽ ወንድሙ ሱሃስ፣ ያ ንፍጡን እየጠረገ ያሳደገው ልጅ፣ ለዳሰራ በዓል አዲስ መኪና ሊረከብ ነው! እሱ ግን ኮልሃፑር ውስጥ ሃያ ስድስት ዓመት የሰው መኪና ቀለም ሲረጭ ኖሮ፣ እስከ ዛሬ የሚሄደው በዚያችው በምታስነጥስ ሞተር ብስክሌት ነው። ይሁን እስቲ!

«ዳዳ፣ አንተ ሳታያት አልፈርምም» አለ ሱሃስ፣ «ዳዳ» እያለ የሚያከብረውን ታላቅ ወንድሙን ወደ ነጯ መኪና እየገፋ። ሻጩ ወረቀቱን ይዞ ቆሟል።

«ምን አስቸኮለህ? መጀመሪያ እንከኗን ልፈልግ።»

ፈለገም። ጎማዎቹን ረገጠ፣ የተሠራችበትን ወር አነበበ፣ ኮፈኖውን ከፍቶ አሸተተ። ምንም የለም! በሸቀ። ወደ ግራው የኋላ በር ጎንበስ ሲል ግን የመስኮቱ ጎማ ጫፍ ላይ የፀጉር ያህል የቀጠነች ነጭ ቀለም አየ። ልቡ ዘለለ። ይህ በር እንደገና ተቀብቷል። የቀባውም ሰው ጎበዝ ነው፤ ከዳታራም በቀር ማንም አያገኘውም።

«እህስ፣ ዳዳ?»

እንከንህን ታቅፈህ ሂድ፣ አለ በሆዱ። በአፉ ግን «ምን ይወጣላታል! ፈርም» አለ። ሱሃስ ፈረመ።

የሱሃስ ሚስት ማንጂሪ መኪናዋን በአበባ አስጊጣ ስትጨርስ፣ መኪናዋ ስትነሳ ጨፍልቃቸው ክፉ ዓይን የሚመልሱ አራት ሎሚ አመጣችለት። «ከጎማዎቹ ስር እርስዎ ያድርጉልን፣ ዳዳ። ሰፈራችንን ያውቁት የለ? የሰው ዓይን ነው የምፈራው።»

የሰው ዓይን! የማን ዓይን መሰላት? ዳታራም ሦስቱን አስቀመጠ። የተቀባው በር ጋ ሲደርስ ግን አራተኛዋን ኪሱ ከተተ። እዚህ በኩል ክፍት ትሁን!

ሱሃስ ነዳ። ሎሚዎቹ ተጨፈለቁ። ወርዶም እየሳቀ የሻጩን ትከሻ መታ።

«ተገላገልን! ዳዳ፣ ይሄ ሰውዬ ጠዋት ደውሎ ‹መኪናዋ ከጭነት ስትወርድ የኋላው በር ተጭሮ ተቀብቷል፣ ካልፈለግህ ትቀየርልሃለች› አለኝ። እኔ ደግሞ ‹ወንድሜ ካላየው ማንም አያየውም› አልኩት። ሆን ብዬ ነው ያልነገርኩህ።»

ሻጩ ዳታራምን ከእግር እስከ ራሱ አየው። «ያ ዓይናቸው የተወራላቸው ቀለም ረጪ እኚህ ናቸው?»

«ምን ታደርገዋለህ፣ ዓይን ይደክማል» አለ ሱሃስ፣ ወንድሙን በፍቅር አቅፎ። «አይዞህ ዳዳ፣ መነጽር እኔ እገዛልሃለሁ።»

ዳታራም አፉን ከፈተ። አየሁት ቢል፣ ታዲያ ለምን ዝም አልክ ሊሉት ነው። አላየሁም ቢል፣ በዚህች ከተማ ያለው ሀብት ያ ዓይኑ ብቻ ነበር።

«አዎ» አለ በመጨረሻ፣ «ደክሟል መሰለኝ።»

ማንጂሪ መሬት መሬቱን እያየች መኪናዋን ዞረች። «ዳዳ፣ አራተኛዋ ሎሚ የታለች?»

 ኪሱ ውስጥ የነበረው የዳታራም እጅ ሎሚዋን ጨምቆ ጨርሷት ነበር። ሱሪው እስከ ጭኑ ርሷል።