ዓሦቹ በለቅሶው ቤት

የለቅሶ ቤት ሳሎን ባዶ መሆን አለበት። ገላን ኮንዶሚኒየም ውስጥ ይሄን ለማድረግ አዛዥ አያስፈልግም። ጋሽ ወልደሚካኤል ሆስፒታል ውስጥ ማረፋቸው በተሰማበት ማለዳ የብሎኩ ጎረምሶች ሦስተኛ ፎቅ ድረስ ወጥተው ሶፋውን አንድ ጎረቤት ቤት፣ ቡፌውን ሌላ ጎረቤት ቤት አስገቡ። ቴሌቪዥኑን በአንሶላ ጠቅልለው አልጋ ስር ከተቱት። ታች ሜዳው ላይ የዕድሩ ድንኳን ካስማ ይመታል። ከሳሎኑ ያልተነሳው አንድ ዕቃ ብቻ ነበር፤ መስኮቱ ስር በብረት እግር ላይ የቆመው አኳሪየም።

መብራቱ እንደበራ ነው። ውስጡ ከጣት አንጓ ብዙም የማይበልጡ ዓሦች አሉ፤ ጎናቸው ላይ የሚያበራ ሰማያዊ መስመር፣ ከመስመሩ በታች እስከ ጭራቸው ቀይ። ሁሉም እኩል ወደ መስኮቱ ይሄዳሉ፣ እኩል ይዞራሉ፣ እኩል ይመለሳሉ። ሶፋው ሲጎተት ወለሉ በተንቀጠቀጠ ቁጥር ጥግ ላይ ተጠጋግተው አንድ እፍኝ ይሆናሉ።

የሟች አንድያ ልጅ እየሩሳሌም፣ ቀድሞ በተነጠፈላት ፍራሽ ላይ ጥቁር ለብሳ ተቀምጣ ታያቸዋለች።

ዓሦቹ የአባቷ ነበሩ። ጋሽ ወልደሚካኤል ዕድሜያቸውን በብረት ፋብሪካ ነው የጨረሱት። ጡረታ በወጡ ማግስት ሚስታቸው ሞተችባቸው። ቤቱ ጭር ሲልባቸው አንድ ቀን ሳሪስ ወርደው ውሃ በተሞላ ፌስታል እነዚህን ይዘው መጡ።

"ይሄን ሁሉ ዓሣ ምን ልታደርገው ነው አባዬ?" ብላ ነበር እየሩሳሌም።

"ኒዮን ይባላሉ። ሻጩ እንዳለኝ አንዱ ብቻውን ከሆነ ይፈራል፤ ቀለሙም ይጠፋል። በመንጋ ነው የሚኖሩት።" ፌስታሉን ወደ ብርሃን ከፍ አደረጉት። "የእኔ ዕድር እነዚህ ናቸው። አንዱ ሲደነግጥ ሁሉም ይደነግጣል፤ መዋጮ ግን አይጠይቁኝም።"

ከዚያ ወዲህ የቤቱ ሕግ ተለወጠ። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ቀን መጀመሪያ የሚሞላው በርሜሉ ሳይሆን የዓሦቹ ባልዲ ሆነ። ሽማግሌው ባልዲውን ክሎሪኑ እንዲወጣ ክዳኑን ከፍተው ያሳድሩታል፤ በሳሙና የነካውን ሰው ደግሞ ቀኑን ሙሉ አያናግሩትም። መብራት ሲጠፋና ማሞቂያው ሲቆም የራሳቸውን ጋቢ ገፍፈው አኳሪየሙን ያለብሱታል። እየሩሳሌም ከቢሮ ስትመለስ አባቷን በሹራብ ተኮማትረው፣ ዓሦቹን ጋቢ ለብሰው ታገኛቸው ነበር።

ሆስፒታል ከገቡ በኋላም ዕለት ዕለት የሚጠይቁት ያንኑ ነው፤ "በሉ?" የጎን አልጋው በሽተኛ ሰምቶ፣ "ስንት ልጆች አሉዎት አባቴ?" ቢላቸው፣ "ብዙ ናቸው" አሉት። እየሩሳሌም ያን ቀን ሳቀች። በመጨረሻው ቀን ግን እጇን ይዘው፣ "እየሩስ፣ ውሃው እንዳይቀዘቅዝባቸው። አደራ" አሏት። "እሺ አባዬ" አለች። ከዚያ በኋላ ቃል አልተናገሩም።

"ይሄስ?" አለ ሮቤራ፣ አኳሪየሙን በመዳፉ መታ መታ አድርጎ። ሮቤራ አንደኛ ፎቅ የሚኖር ባጃጅ ነጂ ነው፤ ከጋሽ ወልደሚካኤል ጋር ይቀላለዱ ነበር።

"ይነሳ እንጂ!" አሉ እማማ ዳሲቱ። የዕድሩን ሴቶች የሚያዙት እሳቸው ናቸው። "እዚያ ጋ ስንት ለቅሶ ደራሽ ይቀመጣል። ደግሞ ለቅሶ ቤት ውስጥ እንዲህ ያለ መብራት ምንድነው? የሠርግ ቤት አስመሰላችሁት።"

"ይከብዳል እማማ፤ ሙሉ ውሃ ነው።"

"ውሃ ከሆነማ ይቀዳላ!"

በጆግ መቅዳት ጀመሩ። የማሞቂያውና የፊልተሩ ገመድ ተነቀለ። መብራቱ ጠፋ። ዓሦቹ ውሃው እየጎደለ ሲሄድ ታች ጠጠሩ ላይ ተከማቹ።

"እማማ ዳሲቱ... ዓሦቹን..." አለች እየሩሳሌም።

"አይዞሽ የኔ ልጅ፤ እነሱን ለእኔ ተይልኝ። ባልዲ ውስጥ በረንዳ ላይ አስቀምጣቸዋለሁ። አንቺ አባትሽን አልቅሺ።"

ብርድ እንደማይችሉ መናገር ነበረባት። እየሩሳሌም ዩኒቨርሲቲ እያለች መልሱን እያወቀችው እንኳ እጇን አውጥታ የማታውቅ ልጅ ናት። ሰው በሞላበት ቤት፣ የአባቷ ሬሳ በመንገድ ላይ ሳለ፣ ስለ ዓሣ ብርድ እንዴት ብላ ታውራ?

ሮቤራ ፊቷን አይቶ ጎንበስ አለላት። "ጄሪ፣ እኛ ቤት ላውርዳቸው? ሶኬትም ቦታም አለን።"

ራሷን ልትነቀንቅ ስትል ከደረጃው ሥር ዋይታ ተሰማ። "ወንድሜን! ጥላዬን! ሳንታረቅ!" ቤቱ በሙሉ ብድግ አለ። ሮቤራም ጆጉን አስቀምጦ ወደ በሩ ሄደ።

የመጣችው አክስቷ አሰጋሽ ናት፤ ከዱከም። የጋሽ ወልደሚካኤል አንዲት እህት ናት፤ በእናታቸው ቤት ምክንያት ተኳርፈው ዓመታት አልፈዋል። ሲታመሙ ተነግሯት ነበር። "ዛሬ ነገ" ስትል ሳትመጣ ቀረች። ሽቅብ እየሮጠች ገብታ ደረቷን እየደቃች ተወርውራ እየሩሳሌም እግር ስር ወደቀች። ሴቶቹ አንስተው ፍራሹ ላይ አስቀመጧት። ልቅሶው ትንሽ ጋብ ሲል የእየሩሳሌምን ጉልበት በሁለት እጇ ጨምድዳ፣

"ምን ተናዘዘ? ምን ብሎ ሞተ ወንድሜ?" አለች።

ይሄ በለቅሶ ቤት የሚጠየቅ ጥያቄ ነው፤ ሁሉም ሰው መልሱን ይጠብቃል።

"ስሜን ጠራ? ንገሪኝ፣ አንድ ጊዜ እንኳ ስሜን ጠራ?"

እየሩሳሌም የአክስቷን ዓይን አየች። እውነቱን ብትናገር፣ 'የዓሦቹን ውሃ አደራ ብሎ ሞተ' ልትል ነው። ሴቶቹ እርስ በርስ ይተያያሉ። አክስቷ ደግሞ ከዓሣ አንሳ ዕድሜዋን ትኖራለች። አባቷም በገዛ ለቅሷቸው መሳቂያ ይሆናሉ።

"አሰጋሽን አደራ ብሎኛል" አለች።

አሰጋሽ ጮኸች። እየሩሳሌም እንዲህ ያለ ጩኸት ሰምታ አታውቅም፤ ሐዘንም ደስታም ነበረበት። "አደራ ያለኝ! ሲሞት ያሰበኝ! በደሌን የተወልኝ ወንድሜ!" እያለች ተነስታ ሙሾ አወረደች። ሴቶቹ ተቀበሏት። ከሙሾው ኋላ አኳሪየሙ ባዶውን ተይዞ ወደ ሮቤራ ቤት ወረደ። ባልዲውን ማን እንዳነሳው እየሩሳሌም አላየችም።

ቀብሩ ከቀትር በኋላ ተፈጸመ። ንፍሮው ተበላ፤ ሰው ሲገባ ሲወጣ ዋለ። አዲስ ለቅሶ ደራሽ በመጣ ቁጥር እየሩሳሌም ተነስታ ትታቀፋለች፣ ታለቅሳለች፣ ትቀመጣለች። ለሌላ ጉዳይ ከፍራሽ የሚነሳ ሐዘንተኛ የለም። ግራና ቀኟ በሴቶች ትከሻ ተይዛ፣ በረንዳው ምን ያህል እንደሚበርድ ታስባለች። አቃቂ በዚህ ወቅት ጠዋት ጠዋት እጅ ያደነዝዛል።

በማግስቱ ረፋድ ላይ መጸዳጃ ቤት እንደምትሄድ ሰው መስላ ወጣች። በረንዳው ላይ እማማ ዳሲቱና ሁለት ሴቶች የድንኳኑን ብርጭቆ ያጥባሉ። አረፋ ጢም ብሎ የሞላው የአባቷ ባልዲ ነው።

"ዓሦቹስ?"

"አሉልሽ!" አሉ እማማ ዳሲቱ፣ እጃቸውን በቀሚሳቸው እየጠረጉ። "ለዕቃ ማጠቢያ ባልዲ ጠፍቶ እነሱን ሳፋ ውስጥ ገለበጥኳቸው። ውሃቸውም ደፍርሶ አየሁትና በንጹህ ቀየርኩላቸው። ከበርሜሉ ነው፤ ለእንግዳው ብለን ትናንት የውሃ መድኃኒት የጨመርንበት፤ ኩል ነው የሚመስለው!"

ሳፋው ግድግዳው ጥላ ውስጥ ነበር። ውሃው በእርግጥም ንጹህ ነው፤ የሚታይ ጉድፍ የለበትም፤ የክሎሪኑ ሽታ ግን አፍንጫ ይሰነፍጣል። ብዙዎቹ ዓሦች በጎናቸው ተንሳፍፈዋል። በሕይወት ያሉት ጠርዝ ላይ ተጠጋግተው አፋቸውን ይከፍታሉ፤ ሰማያዊው መስመራቸው እንደ አመድ ሆኗል። ጣቷን ነከረች። ውሃው አጥንት ይሰብራል።

"ሮቤራ!" ብላ ወደ ደረጃው ጮኸች። የራሷ ድምፅ አስደነገጣት። ሮቤራ ወንበር እንደተሸከመ መጣ። "የተረፉትን ውሰድልኝ። ፊልተሩንና ማሞቂያውን ሰካው። ውሃው ግን ከዚህ አይሁን፤ ቤታችሁ ያደረ ውሃ ካለ፣ ለብ አድርገህ፣ በጣም እንዳይሞቅ፣ ቀስ እያልክ..."

"አለ፣ አለ፤ እናቴ ትናንት የቀዳችው አለ።" ወንበሩን ጥሎ ሳፋውን አነሳ።

"ምንድነው እሱ?"

አሰጋሽ በሩ ላይ ቆማለች። ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ ፊቷ አብጦ።

"ዓሦቹ ናቸው እትዬ። እየሞቱ ነው።"

"ዓሣ?" አለች አሰጋሽ፤ መጀመሪያ ቃሉ ያልገባት መሰለች። "አባትሽ ትናንት አፈር ለብሶ፣ አንቺ ዛሬ ዓሣ ታስታምሚያለሽ? ታች ድንኳን ሙሉ ሰው እየጠበቀሽ? ምን ይበለን ሰዉ?"

"አባዬ ነው... አደራ ያለኝ።"

"አባትሽ አደራ ያለው እኔን ነው!"

ብርጭቆ አጣቢዎቹ እጃቸውን አረፋው ውስጥ እንደነከሩ ቆሙ።

"በአፍሽ ነው የነገርሽኝ፤ ይሄ ሁሉ ሰው እየሰማ። ወይስ ዋሽተሽኛል?" ቁጣ ነበር፤ ግን መጨረሻው ላይ ድምፁ ቀጠነ። ዓይኗ፣ ቁጣው እንዳለ ሆኖ፣ እባክሽ ይል ነበር። "ዋሽተሽኛል ወይ እየሩስ?"

ሳፋው ሮቤራ እጅ ላይ ተወዛወዘ። ውሃው ጠርዙን አልፎ ጠብ አለ።

"አልዋሸሁም" አለች እየሩሳሌም።

"እንግዲያው ግቢ።"

"ጄሪ?" አለ ሮቤራ።

"ተወው። አስቀምጠው።"

ገብታ ተቀመጠች። ያን ቀን ያለቀሰችውን ልቅሶ ሰው ተነጋገረበት። ማንም ሳይመጣ፣ ሙሾ ሳይወርድ፣ እጇን አፏ ላይ ጭና ትንሰቀሰቃለች። "አባት መውደድ እንዲህ ነው" አሉ ሴቶቹ። አሰጋሽም እንባዋን ጠርጋ ራሷን ደረቷ ላይ አስደገፈቻት።

ሣልስቱ ወጥቶ ድንኳኑ ሲነቀል እማማ ዳሲቱ በረንዳው ላይ ለብቻዋ ጠሯት። "እንዳይሸቱ ብዬ ሽንት ቤት ለቀቅኳቸው። ክፉ አስቤ አይደለም የኔ ልጅ፤ ንጹሁን ውሃ ነበርኮ የሰጠኋቸው።"

"አውቃለሁ እማማ። እግዜር ይስጥልኝ፤ ብዙ ደክመዋል።"

ሮቤራ አኳሪየሙን አጥቦ ሽቅብ ተሸክሞ መጣ። መስኮቱ ስር ግን ቦታ አልነበረም። የአሰጋሽ አልጋ ከዱከም በጭነት መጥቶ እዚያው ተዘርግቷል። "ወንድሜ አደራ ብሎሽ ጥዬሽ የት እሄዳለሁ?" ብላ ነበር፤ እየሩሳሌምም "ደግ አደረጉ" አለቻት። ሮቤራ አኳሪየሙን ታቅፎ መሃል ሳሎን ትንሽ ቆመና ይዞት ወረደ።

አመሻሽ ላይ ቀብር ያልደረሱ የድሮ የፋብሪካ ባልደረቦች መጡ። ሶፋው ላይ ተቀምጠው "ያጽናችሁ" ካሉ በኋላ ወሬ ሲያልቅባቸው አሰጋሽ ወደ እየሩሳሌም ዞረች። ጋቢ ለብሳለች፤ የወንድሟን ጋቢ። ፊቷ ዳግም ያማረ ይመስላል።

"በይ ንገሪያቸው እስቲ። ምን ብሎ እንደሞተ።"

እየሩሳሌም አቀርቅራ ነገረቻቸው። አዛውንቶቹ ከንፈራቸውን መጠጡ። ከመካከላቸው አንዱ፣ ከአባቷ ጋር አንድ ማሽን ላይ የሠራ ሰው፣

"ሌላስ ልጄ? ሌላ ምንም አላለም?" አላት።

አሰጋሽ ጋቢውን ትከሻዋ ላይ አስተካከለች።

"ሌላ ምንም አላለም" አለች እየሩሳሌም።