ቅጂው የተቀመጠበት ሰው

ቢተው አድማሱ በጥር የመጀመሪያው ማክሰኞ፣ ከቀኑ በአሥር ሰዓት፣ የእህቱ ኮምፒውተር መጠባበቂያ ሆነ። እስከዚያ ሰዓት ድረስ ፍኖተ ሰላም ውስጥ የታወቀ እህል ነጋዴ ነበር። ከዚያ በኋላም ለጥቂት ሳምንታት ንግዱን አልተወም።

እህቱ ሲስተር እጥፍወርቅ በአምስት ዓመት ትበልጠዋለች። ሠላሳ አንድ ዓመት በጤና ጣቢያ አዋላጅ ነርስ ሆና ሠርታ ጡረታ ወጥታለች። አላገባችም። ያዋለደቻቸውን ልጆች ሁሉ የመጀመሪያ ሰዓታቸውን በደብተር ትጽፍ ነበር፤ መቼ እንደተወለዱ፣ ስንት ኪሎ እንደመዘኑ፣ በር ላይ ማን ቆሞ ይጠብቅ እንደነበር፣ እናትየዋ መጀመሪያ ምን እንዳለች። ጡረታ ስትወጣ ደብተሮቹን ምስጥ ጀምሯቸው ስለነበር ሁሉንም ወደ ኮምፒውተር ገለበጠቻቸው። ሁለት ሺህ ስድስት መቶ አሥራ አራት ልደት ነበር። አራት ዓመት ፈጀባት። ስትጨርስ ደብተሮቹን አቃጠለች።

የከተማው ሰው ይህን ያውቃል። ሊያገቡ የተቃረቡ፣ እናት የሞተባቸው፣ ወይም እንዲሁ የከፋቸው ሰዎች ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እየመጡ የመጀመሪያ ሰዓታቸውን ያስነብቧት ነበር። 

በኅዳር አንድ እሑድ ጠዋት እጥፍወርቅ ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ፣ ቢተው በኮምፒውተርሽ ደብዳቤ ልጽፍ ብሎ የቤቷን ቁልፍ ተቀበላት። ስትመለስ ልደቶቹ ኮምፒውተሩ ላይ አልነበሩም። የተሰረዙ ፋይሎች የሚጠራቀሙበት ቦታም ባዶ ነበር።

«ከብዶት ነበር፣ እትዬ። አጸዳሁልሽ» አላት።

«ልደቶቹስ?»

«የቆየ ነገር ነው። ማን ያነበዋል?»

ለምን እንዳጠፋቸው ታውቃለች። ከሃያ ሁለት ዓመት በፊት በቢተው መጋዘን እህል የምታበጥር ጤናዬ የምትባል ልጅ በእጥፍወርቅ እጅ ሴት ልጅ ወልዳለች። ሕፃኗ የቢተው ነበረች። ቢተው ያኔ ባለትዳር ነው፤ ሚስቱ ስንዱ እስከዛሬ አልሰማችም። ጤናዬ ምጥ ላይ ሆና ሰው ልካበት ነበር፤ አልመጣም። በሦስተኛው ቀን ሕፃኗን አቅፋ በአውቶቡስ ከከተማው ወጣች። ይህ ሁሉ በእጥፍወርቅ ጽሑፍ ውስጥ ከነስሙ ሰፍሮ ነበር።

እጥፍወርቅ ነጠላዋን አውልቃ ሰቀለች።

«ምሳ በልተህ ሂድ» አለችው።

በልቶ ሄደ።

በማግስቱ እንደገና መጻፍ ጀመረች። ዓይኗን ጨፍና ሁለት እጇን ትዘረጋለች፤ የሕፃኑ ክብደት መዳፏ ላይ ሲያርፍ ስሙም ይመጣላታል። ያልመጣላት ቀረ። በቀን አሥር፣ ሲቀናት አሥራ አምስት ትጽፋለች። በጥር መጀመሪያ፣ ወንድሟ እንደገና ሳይነካባት ቅጂ የሚቀመጥበት መጠባበቂያ እንደሚያስፈልጋት ወሰነችና ወደ አቶ ሸዋቀና ሄደች። አቶ ሸዋቀና ገበያው ዳር ኮምፒውተር የሚጠግን፣ በግራ ጆሮው የማይሰማ የስልሳ ዓመት ሰው ነው።

«ቀላል ነገር ነው የምፈልገው» አለችው በቀኝ ጆሮው በኩል። «አንዴ አስተካክዬው የምረሳው።»

«ሦስት ፕሮግራም አለኝ፣ ሲስተር። ይሞክሯቸውና አንዱን ይምረጡ።»

የመጀመሪያው ሥራ ከመጀመሩ በፊት አርባ ጥያቄ ይጠይቃል። አሥራ አንደኛው ላይ ዘጋችው። ሁለተኛው ቅጂውን በኢንተርኔት ሩቅ አገር ይልካል።

«የትኛው አገር?»

«እሱን አይናገርም» አለ አቶ ሸዋቀና።

«በእግሬ ሄጄ የማልጠይቀው ቦታ አላስቀምጥም።»

ሦስተኛው ሦስት ነገር ብቻ ነበር የሚጠይቀው። ምን ይቀመጥ? የት ይቀመጥ? በስንት ሰዓት? እጥፍወርቅ እሱን ወሰደች።

«ከኮምፒውተሩ ራቅ ያለ፣ ግን የሚደርሱበት ቦታ ያስቀምጡት» አላት ሲሸኛት። «ደግሞ መሥራቱን ሄደው ይዩ። ሰው ይጭነውና ሳያየው ይቀራል።»

ቤቷ ገብታ ስትከፍተው «የት ይቀመጥ?» ከሚለው ሥር ሦስት ምርጫ ተዘርዝሯል። ፍላሽ። ውጫዊ ሃርድ ዲስክ። ቢተው አድማሱ። በእያንዳንዱ አጠገብ የቀረው ባዶ ቦታ ተጽፏል፤ የቢተው ከፍላሹ ይበልጣል፣ ከሃርድ ዲስኩ ያንሳል። እጥፍወርቅ መነጽሯን ጠርጋ እንደገና አነበበችው። ከዚያ ቢተውን መረጠች። ሰዓቱን አሥር አለችው፤ በዚያ ሰዓት ወንድሟ መጋዘኑ በር ላይ ወንበር አውጥቶ ይቀመጣል።

ማክሰኞ አሥር ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ሄዳ ከመጋዘኑ ፊት ለፊት ቆመች። ቢተው ከአንድ ገዢ ጋር በጤፍ ዋጋ እየተከራከረ ነበር። አሥር ሲሞላ ንግግሩን አቋርጦ ቀና አለ።

«ሐሙስ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ከሩብ» አለ። «ወንድ፣ ሦስት ኪሎ ከሁለት መቶ። አባትየው ጭቃ እንዳያስገባ ቦቲ ጫማውን ውጭ አውልቆ በባዶ እግሩ ገባ። እናትየዋ ጣቶቹን ቁጠሪልኝ አለችኝ።»

በዚያ ቀን የተጻፉትን አሥራ አራት ልደቶች በተራ በተራ ተናገረ። ሩብ ሰዓት ፈጀ።

«ምን አሉኝ?» አለ ገዢው ሲጨርስ።

«የመጨረሻ ዋጋዬ ነው አልኩህ» አለው ቢተው።

እጥፍወርቅ ፕሮግራሙ እንደሚሠራ አረጋግጣ ወደ ቤቷ ተመለሰች። ከኅዳር ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ራት ጣፈጣት። ይሸከማቸው፣ አለች በልቧ። አንድ በአንድ ይሸከማቸው። የጤናዬን ልደት ሆን ብላ ሳትጽፈው አቆየችው።

በሦስተኛው ሳምንት ኮምፒውተሩ ላይ መልእክት መጣ። «ቦታ አልበቃም። የቆየ ነገር ይጥፋ?» ይላል። ከሥሩ የሚጠፋው ተዘርዝሯል። የ1991 የበቆሎ ዋጋ። ወንዝ ውስጥ መዋኘት። የአንድ ውሻ ስም።

«የቆየ ነገር ነው» አለችና «ይጥፋ» የሚለውን ተጫነች።

በማግስቱ ዝርዝሩ ረዘመ። መሀሉ ላይ የአባታቸው ቀብር፣ ቢተው ከቆመበት በኩል እንደታየው፣ የሚል ነበረበት። እጥፍወርቅ እጇን ከኮምፒውተሩ አነሳች። ኩሽና ገብታ ውኃ ጠጥታ ተመለሰችና ተጫነችው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ዝርዝሩን ማንበብ ተወች። መልእክቱ ሲመጣ ዝም ብላ ትጫናለች።

በየካቲት መጨረሻ ስንዱ መጣች። ወንበር ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«እትዬ፣ ቢተው ስሜን ጠየቀኝ።»

«ምን አልሽው?»

«ነገርኩት። በማግስቱም ጠየቀኝ። መጋዘኑንም መንገዱ ስለጠፋው ዘግተነዋል።»

«ሌላስ?»

«ሌላው ደህና ነው። ይበላል። እጁን እስከ ክርኑ በቀን አሥር ጊዜ ይታጠባል። ነፍሰ ጡር ሴት መንገድ ላይ ሲያይ ያቆማትና ስንተኛ ወርሽ ነው ይላታል። ትላንት ያገኛትን ደግሞ እግሯ ማበጡን አይቶ ዛሬውኑ ጤና ጣቢያ ሂጂ አላት። ሄደች። ለሕይወቷ የሚያሰጋ ሆኖ ተገኘ። ባሏ መጥቶ እግሩን ሊስም ነበር።» ስንዱ ነጠላዋን አስተካከለች። «እርስዎ የሕክምና ሰው ነዎት። ምን ይሆን?»

«እድሜ ነው» አለች እጥፍወርቅ።

የመጋቢት ሚካኤል ማኅበር ድግስ የቢተው ተራ ነበር። ማኅበርተኛው ከሰዓት በኋላ ቤቱ ተሰበሰበ፤ ሠላሳ ሰው ይሆናል። እጥፍወርቅ በዚያን ዕለት ጠዋት የጤናዬን ልደት ጻፈች፤ አንዲት ቃል አልቀነሰችም። መልእክቱ ሲመጣ ተጫነች። ከዚያ ለብሳ ሄደችና የወንድሟን ፊት በደንብ ከሚያሳይ ቦታ ተቀመጠች። አሥር ሰዓት ሲሞላ ቢተው ዳቦ እየቆረሰ ነበር።

«ረቡዕ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት» አለ። «ሴት፣ ሁለት ኪሎ ከስምንት መቶ። ስትወጣ አላለቀሰችም። ጀርባዋን ሁለት ጊዜ መታ መታ አደረግኳት፣ አለቀሰች። እናትየዋ ጤናዬ ትባላለች፤ በቢተው አድማሱ መጋዘን እህል ታበጥራለች። ሰው መጣ ወይ ብላ ሦስት ጊዜ ጠየቀችኝ። ሦስት ጊዜ በር ድረስ ወጥቼ አየሁላት። አባትየው ቢተው አድማሱ ነው። አልመጣም።»

ማኅበርተኛው መሬት መሬት ያይ ጀመር። ሌላ ቀን ቢሆን ቢተው ሲጨርስ ወደ ጀመረው ሥራ ይመለሳል። አሁን ግን ቢላዋውን አስቀመጠ።

«ይህን ሰው የሚያውቀው አለ?» አለ።

ቢተው የተቀመጡትን በየተራ አያቸው።

«ቢተው አድማሱ ይባላል። የዚህ ከተማ ሰው ነው። አግኙልኝ።»

«ምን ልትለው ነው?» አለችው ስንዱ። ትሪ ይዛ ቆማ ነበር።

«ምን እንደያዘው ልጠይቀው። በሩ ላይ ሰው አልነበረም እኮ። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ልጠይቀው ስፈልግ ነው የኖርኩት።»

እጥፍወርቅ የመጣችው ሲያፍር ልታይ ነበር። እፍረት አልነበረም። የወንድሟ ፊት ላይ ያየችው የራሷን ቁጣ ነው፤ በሁለቱ ቅንድቦች መካከል ያለችው መስመር ሳትቀር። ጤናዬን ሲያስታውስ የነበረው ቢተው ካላነበበቻቸው ዝርዝሮች በአንዱ ውስጥ ጠፍቷል። ራሷ ነበረች የተጫነችው።

ስንዱ ትሪውን ወለሉ ላይ አስቀመጠችና ወደ እጥፍወርቅ መጣች።

«እርስዎ ያውቁ ነበር።»

«አውቅ ነበር።»

«ሃያ ሁለት ዓመት።»

«አዎ።»

ስንዱ ነጠላዋን ለብሳ ወደ እህቷ ቤት ሄደች። አልተመለሰችም።

በማግስቱ እጥፍወርቅ ጠዋት በሁለት ሰዓት አቶ ሸዋቀና ሱቅ ነበረች።

«የጠፋ ነገር ማስመለስ ይቻላል?»

«ከኮምፒውተሩ ላይ?»

«ከመጠባበቂያው ላይ። ቦታ ለማስለቀቅ ያጠፋሁት ነው።»

አቶ ሸዋቀና አሰበ። «ለመጠባበቂያው ሌላ መጠባበቂያ ነበረው?»

«አልነበረውም።»

«እንግዲህ፣ ሲስተር» አለ።

ፕሮግራሙን አስጠፋችው። አሥር ሰዓት ሲሆን ግን ቢተው ካቆመበት ቀጠለ። አሁን የሚናገረው እሷ ፈጽሞ ሊመጡላት ያልቻሉትን፣ ከሁለት ሺህ ስድስት መቶ አሥራ አራቱ የቀሩትን ልደቶች ነበር። ከየት እንዳገኛቸው አላወቀችም። አጠገቡ ተቀምጣ እየሰማች ልክ መሆናቸውን ራሷን እየነቀነቀች ታረጋግጣለች። ወሬው ተሰማና ሰው መምጣት ጀመረ። አሥር ሰዓት ሲቃረብ ከቢተው በር እስከ አስፋልቱ ይሰለፋሉ፤ የትራፊክ ፖሊስ ከነዩኒፎርሙ፣ መምህራን፣ የባጃጅ ሾፌሮች፣ አንድ ዲያቆን። ሁሉም በእጥፍወርቅ እጅ የተወለዱ ናቸው። ቢተው የእያንዳንዱን ነግሮ ሲጨርስ፣ ቢተው አድማሱ የሚባል ሰው ያውቁ እንደሆነ ይጠይቃቸዋል። አናውቅም ይሉታል።

በሚያዝያ አንድ ዓርብ ከቡሬ አውቶቡስ የወረደች ረጅም ልጅ መጥታ ተሰለፈች። ተራዋ ሲደርስ ስሟን ምናሉሽ አለች። የእናቷን ስም ጤናዬ አለች። እናቷ ባለፈው ክረምት ማረፏን ተናገረች።

ቢተው የመጀመሪያ ሰዓቷን ነገራት። እጥፍወርቅ ከጎኑ ሆና ልጅቷን ታያለች፤ ግንባሯ የእጥፍወርቅና የቢተው አባት ግንባር ነው።

«እሱን ሰውዬ አገኙት?» አለች ምናሉሽ።

«እያፈላለግኩት ነው» አላት ቢተው። «አንቺ ግን ለምን ዝም አልሽ?»

«ምን ልበል?»

ቢተው ከወንበሩ ተነሣ። እጁን ወደ ኋላዋ አዙሮ ጀርባዋን መታ አደረጋት። ምናሉሽ አፏን ገጥማ ቆማለች። እንደገና መታ አደረጋት።

ልቅሶው የተሰማው ከሰልፉ መጨረሻ፣ ከአስፋልቱ በኩል ነው። ቀጭን፣ የሚንቀጠቀጥ፣ ገና አየር የነካው የጨቅላ ድምፅ ነበር፤ የሚወጣው ከትራፊክ ፖሊሱ አፍ ነው። ከፊቱ ያለችው መምህርት ተቀበለችው። ከዚያ ዲያቆኑ፣ ከዚያ ሾፌሮቹ፣ እያለ ወደ በሩ መጣ። ሁሉም ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ጡጫቸውን ደረታቸው ላይ አጥፈው፣ ፊታቸው ቀልቶ ያለቅሳሉ።

ቢተው እጅጌውን እስከ ክርኑ ሰበሰበና እትብት የሚቆርጥበት መቀስ እንዲያመጡለት ጠየቀ።